ሰማንያውን ከየት አመጣሽው?

በሁለተኛ ዓመት ተማሪነቴ የመጀመሪያውን የፊዚዮሎጂ (የሰውነት አሠራር ትምህርት) ፈተና ከ100 41 አገኘሁ። ወረቀቱ ሲመለስልኝ የሌላ ሰው ፈተና በእኔ ስም የታረመ መስሎኝ ነበር፤ የእጅ ጽሑፌን ሳየው ግን መካጃ አጣሁ። ሳላጠና ገብቼ ቢሆን ኖሮ ባልገረመኝ። ነገር ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ አጥንቻለሁ። ሃንድአውቱን ከዳር እስከ ዳር አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ትርጉሙን በቢጫ፣ ምክንያቱን በአረንጓዴ፣ «ይህ ይመጣል» ብዬ የገመትኩትን በሮዝ ሃይላይተር አቅልሜዋለሁ፤ ያም አልበቃ ብሎኝ ሁሉንም በንጹሕ ደብተር ላይ ገልብጬዋለሁ። ደብተሩ ከማማሩ የተነሣ ጓደኞቼ እየተዋሱ ያነቡት ነበር። (ከተዋሱት አንዱ 74 አገኘ። ይህን ያነሣሁት ቅናቱ እስከ ዛሬ ስላልለቀቀኝ ነው።)

ቅሬታ ለማቅረብ ወደ መምህሬ ቢሮ ሄድኩ። ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረጉና ነጥብ ሊጨምሩልኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ስትገቢ ስንት አገኛለሁ ብለሽ ነበር?»

«ሰማንያ አካባቢ» አልኳቸው።

«አርባ አንዱን አየሁት። ሰማንያውን ከየት አመጣሽው?»

መልስ አልነበረኝም። ባዶ ወረቀት ገፋ አደረጉልኝና ደብተሬን ዘግቼ፣ የደም ግፊት ሲወርድ ኩላሊት ምን እንደሚያደርግ እንድጽፍ አዘዙኝ። ሦስቱም ቀለሞች ያረፉበት ገጽ ነው። «ሬኒን ይመነጫል» ብዬ ጻፍኩ። ወረድ ብዬ «የደም ግፊት ከፍ ይላል» ብዬ ጻፍኩ። በሁለቱ መካከል የቀረውን ነጭ ቦታ ሳየው ቆየሁ። ሬኒን የተባለው የኩላሊት ኢንዛይም ከጉበት የሚመነጨውን አንጂዮቴንሲኖጅን የተባለ ፕሮቲን ቆርጦ አንጂዮቴንሲን አንድ እንደሚያደርገው፣ በዋናነት በሳንባ የደም ሥሮች ያለው ኢንዛይም ደግሞ ወደ አንጂዮቴንሲን ሁለት እንደሚለውጠው፣ እርሱም የደም ሥሮችን አጥብቦ አድሬናል ዕጢን አልዶስቴሮን የተባለ ሆርሞን እንዲያመነጭ እንደሚያነሣሣ፣ አልዶስቴሮንም ኩላሊት ሶዲየምንና ውሃን ከሽንት መልሶ እንዲያስቀር እንደሚያደርግ፣ ከዚህ ሁሉ አንዲት ቃል አልጻፍኩም። ደብተሬን ገልጬ ስመለከተው ግን ሳላስበው «ውይ፣ ይህንማ አውቀዋለሁ!» አልኩ።

መምህሬ ሳቁ። «ሰማንያ የሰጠሽ እርሱ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያቺን «ይህንማ አውቀዋለሁ» የምትል የውስጥ ድምፅ እንደ ሐሰተኛ ምስክር ነው የማያት። የምትመጣበትንም መንገድ ደርሼበታለሁ። አንድ ገጽ ለአራተኛ ጊዜ ሲነበብ ይለሰልሳል። ዓይን ሳይደናቀፍ ይሮጣል፤ የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ገና ሳይደረስበት ይታወቃል። አእምሮ ይህንን ልስላሴ ዕውቀት ነው ብሎ ይመዘግበዋል። ዳሩ ግን መንገድ ላይ የተገናኙትን ሰው «ይህንን ሰው አውቀዋለሁ» ማለትና ሰውየው በሌለበት መልኩን አስታውሶ መናገር ለየብቻ ናቸው። ፈተና የሚጠይቀው ሁለተኛውን ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል፤ የእኔ ዕውቀት እንዳለ በመጽሐፍ ያለ ነበር፣ ፈተና ክፍል ደግሞ መጽሐፍ ይዞ አይገባም።

የሥነ ልቦና ምሁራን ስለ ራስ አስተሳሰብ ማሰብን፣ ማለትም የሚያውቁትን ከማያውቁት ለይቶ አጠናንን በዚያው ልክ ማስተካከልን፣ ሜታኮግኒሽን ይሉታል። ቃሉን በ1970ዎቹ ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ጆን ፍላቬል ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ የሚዛን ጉዳይ ነው፤ የእኔ ሚዛን 39 ነጥብ ያዛባ ነበር። ሚዛኑ ካልታረመ ደግሞ የቱንም ያህል ሰዓት ማጥናት አይረዳም፤ ምክንያቱም የትኛውን ምዕራፍ ማቆም፣ የትኛውን መድገም እንዳለብኝ የሚወስነው ያው ሚዛን ነው። ያወቅሁ የመሰለኝን እዘላለሁ፣ የዘለልኩት ይመጣል፣ እወድቃለሁ።

መምህሬ ወደ አንድ ጥናት መሩኝ። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ በ2006 ያሳተሙት ነው። አንደኛው ቡድን አንድን ምንባብ በአራት ክፍለ ጊዜ ደጋግሞ አነበበ። ሌላው በአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ አንብቦ በሦስቱ ምንባቡን ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ 83 በመቶ ለ71። ከሳምንት በኋላ ግን አንባቢዎቹ ወደ 40 በመቶ ወረዱ፣ ጸሐፊዎቹ 61 ላይ ነበሩ። እኔን የነካኝ ከዚህ ሁሉ ሌላ ነው፤ ምን ያህል እንደሚያስታውሱ አስቀድመው ሲጠየቁ የበለጠ የተማመኑት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ። ራሴን በመስታወት ያየሁ ያህል ተሰማኝ።

ስለዚህ ሃይላይተሮቹን ለታናሽ እህቴ ሰጠሁና ባዶ ወረቀት ላይ መሥራት ጀመርኩ። አንድ ንዑስ ርዕስ አንድ ጊዜ በጥሞና አነባለሁ፤ እዘጋለሁ፤ የማስታውሰውን ሁሉ በጥቁር እስክሪብቶ እጽፋለሁ፣ እሥላለሁ፣ ቀስት አሰምራለሁ፤ ከዚያ እገልጥና የጎደለውን በቀይ እሞላለሁ። የሚቀጥለው ጥናት የሚጀምረው ከቀዩ ነው። ዘዴው ይኸው ነው፤ የሚከብደው መታገሡ ነው። የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ወረቀቱ ደም የፈሰሰበት ይመስል ነበር። ቀድሞ በአንድ ምሽት 30 ገጽ የማነበው ሰው በስድስት ገጽ ላይ ላቤ ጠብ ይል ጀመር። ወደ ኋላ የቀረሁ፣ ጭራሽ የደነዘዝኩ መስሎ ተሰማኝ፤ ሁለት ጊዜ ትቼው ወደ ንባቤ ተመልሻለሁ። ንባብ ያጽናናል፤ ባዶ ወረቀት ያዋርዳል። ሮበርት ብዮርክ የተባለ ተመራማሪ ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር «ተፈላጊ ችግር» የሚል ስም አውጥቶለታል፤ ሲማሩት የሚያዘገየው ነገር ኋላ እንዲቆይ የሚያደርገው ነው። እኔ ይህንን አውቄም ቢሆን ስሜቱን አልወደድኩትም፤ አሁንም አልወደውም።

የረዳኝ ትልቁ ነገር ግን የግምት ደብተር ነው። ተራ ደብተር ላይ ሦስት ዓምድ አሰመርኩ፤ ርዕስ፣ ግምት፣ ውጤት። ስለ አንድ ርዕስ ከምዕራፉ መጨረሻ ወይም ካለፉ ዓመታት ፈተናዎች አሥር ጥያቄ እመርጣለሁ። ከመመለሴ በፊት ከአሥር ስንት እንደማገኝ እጽፋለሁ። በእስክሪብቶ ነው የምጽፈው፤ በእርሳስ የተጻፈ ግምት ኋላ ላይ እንደሚስተካከል ከራሴ አውቃለሁ። ከዚያ እመልሳለሁ፣ አርማለሁ፣ ውጤቱን አጠገቡ አሰፍራለሁ። የመጀመሪያዎቹ መስመሮች አሁንም አሉኝ፦ የኩላሊት ማጣሪያ፣ ግምት 9፣ ውጤት 4። የሳንባ ጋዝ ልውውጥ፣ ግምት 8፣ ውጤት 5። የነርቭ መልእክት፣ ግምት 5፣ ውጤት 7። የመጨረሻው በጣም ያስገረመኝ ነው፤ ይከብደኛል ብዬ የፈራሁትን ርዕስ ከወደድኩት ይበልጥ አውቀዋለሁ ማለት ነው። ለካ ፈርቼው ስለነበር ቀስ እያልኩ፣ እየቆምኩ፣ «ለምን?» እያልኩ ነበር ያነበብኩት።

እዚህ ላይ አንድ ወር ያባከንኩበትን ስሕተት ልናገር፣ እናንተ እንዳትደግሙት። ግምቱንም ፈተናውንም መጽሐፉን በዘጋሁበት ቅጽበት አደርገው ነበር። በግምትና በውጤት መካከል ያለው ልዩነት በፍጥነት ጠበበና ደስ አለኝ። በሳምንቱ ክፍል ውስጥ በተሰጠ አጭር ፈተና እንደገና ወደቅሁ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ አሁን ያነበብኩት ገና በእጄ እንዳለ ነው፣ ስጠየቅ ከትውስታ ማኅደር ፈልጌ አላወጣሁትም፣ ከአፌ አልወረደም ነበር። ቶማስ ኔልሰንና ጆን ደንሎስኪ በ1991 ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ ሰዎች ቃላትን እንዳጠኑ ወዲያው «ይህን አስታውሰዋለሁ ወይ?» ተብለው ሲጠየቁ ግምታቸው ይስታል፣ ትንሽ ቆይተው መልሱን ሳያዩ ሲጠየቁ ግን ከእውነቱ ጋር በጣም ይቀራረባል። ከዚያ በኋላ ሕጌ አንድ ሆነ፤ ዛሬ ባጠናሁት ነገ እንጂ ዛሬ አልገምትም። በመካከሉ እተኛለሁ።

እንዲህ ስል ስለ መርሳት ማንሣቴ አይቀርም። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ትርጉም የሌላቸውን ፊደላት እየገጣጠመ ራሱን በራሱ ሲፈትን ኖሮ ውጤቱን በ1885 አሳተመ። ባጠናው ዝርዝር ላይ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቢመለስ እንደገና ለመያዝ ከመጀመሪያው ድካም ከግማሽ በላይ ይፈልግ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን መርሳቱ እየዘገመ ይሄዳል። ለእኔ ከዚህ የተገኘው ተግባራዊ ነገር የድግግሞሹ ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያው ድግግሞሽ በማግሥቱ፣ ሁለተኛው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን፣ ከዚያ በሳምንት፣ ከዚያ በሦስት ሳምንት። ቁጥሮቹ ቅዱስ አይደሉም። ልረሳው ጫፍ ላይ ስደርስ ማውጣቱ ነው የሚጠቅመው፤ ጫፉ የት እንደሆነ ደግሞ የግምት ደብተሩ ይናገራል።

ለዚህ ካርድ ሠራሁ፤ ከፊት ጥያቄ፣ ከኋላ መልስ። ሴባስቲያን ላይትነር በ1970ዎቹ ያስተዋወቀው የሣጥን ዘዴ አለ፤ የመለስነው ካርድ ዘግየት ብሎ ወደሚታየው ሣጥን ያልፋል፣ የሳትነው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ዘዴው ጥሩ ነው፣ እኔ ግን አበላሸሁት። ከሃንድአውቱ ዓረፍተ ነገር እየገለበጥኩ ስድስት መቶ ካርድ ሠራሁ። ካርዶቹን መሥራት በራሱ ጥናት መሰለኝ፤ ያምሩ ነበር ደግሞ፤ የድሮው ደብተር በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ነው። ከዚያም የባሰው፣ መልሱን ከካርዱ መልክ አስታውሰው ጀመር፤ ጠርዙ የተቀደደው ካርድ «አልዶስቴሮን» ነው። አራት መቶውን ጣልኩ። የቀሩትን «ምንድን ነው?» ከሚል ጥያቄ ወደ «ለምን?»ና «ባይኖርስ ምን ይሆናል?» ቀየርኳቸው። ሬኒን የሚሠሩት ሴሎች ቢጎዱ የደም ግፊት ምን ይሆናል? ይህንን የሚመልስ ሰው ሰንሰለቱን በሙሉ ማለፍ አለበት።

የማስታወሻ ዘዴዎችን በተመለከተ አብዛኛው ተማሪ ከእነርሱ ነው የሚጀምረው፤ እኔም ከመምህሬ ቢሮ ወጥቼ መጀመሪያ የፈለግሁት «አእምሮን የሚያጎለብት ዘዴ» ነበር። ከሁሉ ያስደሰተኝ ጥንታዊው የቦታ ዘዴ ነው። ሮማዊው ሲሴሮ እንደሚተርከው ሲሞኒደስ የተባለ ግሪካዊ ባለቅኔ ከግብዣ አዳራሽ እንደወጣ ጣሪያው ወደቀ፤ የሞቱትን ሰዎች ማንነት የለየው እያንዳንዱ የተቀመጠበትን ቦታ በማስታወስ ነበር። እኔም ከአንጎል የሚወጡትን 12 ጥንድ ነርቮች በሐሳቤ በቤታችን ውስጥ በየቦታው አስቀመጥኳቸው። የመጀመሪያው የማሽተት ነርቭ ነውና በሩ ላይ ከባድ ሽታ አለ፤ ሁለተኛው የማየት ነው፣ መስኮቱ ላይ ትልቅ ዓይን ተለጥፏል፤ አምስተኛው የፊትን ስሜት የሚያመጣው ትራሱ ላይ፤ ሰባተኛው ፊትን የሚያንቀሳቅሰው መስታወቱ ውስጥ እየሳቀ፤ ስምንተኛው የመስማትና የሚዛን ነርቭ በአንድ እግሩ የቆመ ሬዲዮ ሆኖ፤ አሥረኛው ቬገስ፣ ከአንጎል ተነሥቶ እስከ ሆድ የሚወርደው፣ ደረጃው ላይ የተዘረጋ ገመድ ሆኖ። በአንድ ከሰዓት በኋላ ያዝኳቸው፤ እስካሁን አልጠፉብኝም።

ግን ፈተናው «12ቱን ዘርዝሪ» አላለም። አንድ ሰው የፊቱ ግማሽ ቢወድቅና ፈገግ ሲል አንዱ ወገን ባይንቀሳቀስ የተጎዳው የትኛው ነርቭ ነው አለ። እኔ ሰባተኛው ጋር ለመድረስ ከበሩ ተነሥቼ በመስኮቱ በኩል መስታወቱ ጋር እስክደርስ ቤቱን ግማሽ መዞር ነበረብኝ፤ ሰዓቱ ይሄዳል። እንዲህ ያለው ዘዴ ቅደም ተከተልና ስም ለመያዝ ወደር የለውም። ምክንያትና ውጤት ያለበት ነገር ላይ ግን እንደ መወጣጫ ነው፤ ሕንፃው ሲቆም መነሣት አለበት። ዝርዝሩን ከያዝኩ በኋላ ካርዶቹን በውዝ አድርጌ ከምልክት ወደ ነርቭ፣ ከነርቭ ወደ ምልክት መመለስ ስጀምር ነው ቤቱን መዞር የቀረልኝ።

መበወዝን ካነሣሁ የሒሳብም ጉዳይ አለ። የደም አሲድ መዛባት አራት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉት፤ መነሻው ከመተንፈስ ነው ወይስ ከሌላው የሰውነት ሥራ፣ አሲዱ በዝቷል ወይስ አንሷል። አንዱን ዓይነት አሥር ጊዜ ሠርቼ ወደ ሌላው እሄድ ነበር፤ ከሦስተኛው ጥያቄ በኋላ ቁጥሩን ሳላይ መልሱን አውቀዋለሁ፣ ምክንያቱም የገጹ ርዕስ ነግሮኛል። ዳግ ሮረርና ኬሊ ቴይለር በ2007 ባሳተሙት ሙከራ የአንድን ዓይነት ጥያቄ ለብቻው የሠሩ ተማሪዎች በልምምድ ጊዜ 89 በመቶ ሲያገኙ አደባልቀው የሠሩት 60 አገኙ፤ ከሳምንት በኋላ በተደረገ ፈተና ግን የመጀመሪያዎቹ 20፣ ሁለተኛዎቹ 63 ሆኑ። በውዤ መሥራት ከጀመርኩ በኋላ የከበደኝ ስሌቱ ሳይሆን «ይህ የትኛው ነው?» የሚለው ሆነ። ፈተናውም የሚጠይቀው እርሱን ነበር።

በቡድን ማጥናት ላይ ያለኝ አስተያየት ብዙዎችን አያስደስትም። በቡድናችን አንድ ጎበዝ ልጅ ነበረ፤ እርሱ ያስረዳል፣ እኛ ራሳችንን እንነቀንቃለን። ጥሩ ሲያስረዳ ሁሉም ነገር ቀላል ይመስላል፤ ያ ቅለት የእርሱ ነው፣ የእኔ አይደለም። አሁን ቡድን ውስጥ የምገባው ሁሉም ሰው በየተራ ያለ ደብተር ተነሥቶ የሚያስረዳ ከሆነ ብቻ ነው። አስረጂው ሲንተባተብ ማንም ፈጥኖ አይሞላለትም፤ ቢያንስ አንድ ደቂቃ እንተወዋለን። መጀመሪያ ጭካኔ መስሎን ነበር።

ከፈተና በኋላ ስሕተትን መዘርዘርም አልተውኩም። የሳትኩትን ሁሉ ሦስት ቦታ እከፍለዋለሁ፤ ጨርሶ የማላውቀው፣ ጥያቄውን ያላነበብኩት፣ አውቀዋለሁ ብዬ የሳትኩት። በዚያ በ41ዱ ፈተና ወረቀት ላይ ወደ ኋላ ተመልሼ ስሠራው ሦስተኛው ክምር ከሌሎቹ ሁለቱ ድምር ይበልጥ ነበር። የማላውቀውን ለማወቅ ማንበብ ይበቃል። አውቀዋለሁ ያልኩትን ግን መጀመሪያ ከመንበሩ ማውረድ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ለእነዚያ ትክክለኛውን መልስ ብቻ ሳይሆን የተሳሳተውን ለምን እንደመረጥኩ በአንድ መስመር እጽፋለሁ።

በመንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ ከፈተና ክፍል ስንወጣ መምህሬ በር ላይ ቆመው ነበር። «ስንት?» አሉኝ። «ስድሳ ስምንት» አልኳቸው። 66 መጣ። የክፍሉ ከፍተኛ ውጤት አልነበረም፤ 74 ያገኘው ጓደኛዬ እንደገና በለጠኝ። እርሳቸው ግን ወረቀቱን ሲመልሱልኝ ከውጤቱ አጠገብ «68» ብለው በእርሳስ ጽፈው አገኘሁት።

ሚዛኑ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተስተካከለም። የምወዳቸው ርዕሶች ላይ እንደተዛባ ነው። የልብን ሥራ በጣም እወደዋለሁ፤ ሥዕሉን ማየት ራሱ ደስ ይለኛል፤ ባለፈው ሳምንት በደብተሬ ላይ ያሰፈርኩት ግምት 9 ይላል፣ ውጤቱ 6። ከሳትኳቸው አራቱ ሦስቱ የልብ በሮች በየትኛው ቅጽበት እንደሚዘጉ የሚጠይቁት ናቸው። ያንን ገጽ ነገ ጠዋት ሳልገልጠው በባዶ ወረቀት ላይ እሥለዋለሁ፤ ግምቴን 6 ብዬ ጽፌአለሁ።